ጭኔ ላይ የታሰረው ላስቲክ

ድምፁን ቀድሜ ሰማሁት። ሕመሙ ቆይቶ መጣ።

ወሩ የካቲት ነበር። የአንደኛ ዓመት የመጀመሪያውን ሴሚስተር ጨርሼ፣ ዕረፍቱን አዋሽ ከቤተሰቦቼ ጋር አሳልፌ ወደ ሰመራ የምመለስበት ቀን ነው። የተሳፈርኩት በአባቴ መኪና ነው። አባቴ የተሳቢ ሹፌር ነው፤ ከጅቡቲ ወደብ ማዳበሪያና ስንዴ ያመጣል። በድንበሩ ከተማ በገላፊ ለመውጣት ሰመራን ማለፉ ስለማይቀር እየወሰደ ያደርሰኝ ነበር። የዩኒቨርሲቲው መታጠፊያ ላይ ሲያቆም ቦርሳዬን አንግቼ ከጋቢናው ዘለልኩ። ከትልቅ መኪና የሚወረደው ፊትን ወደ መኪናው አዙሮ፣ እጀታውን ይዞ፣ መርገጫውን በእግር እየፈለጉ ነው። አባቴ ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ ነግሮኛል። እኔ ግን ጓደኞቼን በሩ ላይ ስላየኋቸው ፊቴን ወደ መንገዱ እንዳደረግሁ ዘለልኩ።

ግራ እግሬ ጠጠር ላይ አረፈ። እግሬ ቆመ። ሰውነቴ ዞረ። ጉልበቴ ውስጥ ደረቅ ጭራሮ ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ሰማሁ።

አባቴ በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ ተጎዳህ እንዴ አለኝ። ደህና ነኝ አልኩት። ከኋላው የቆመ መኪና ጥሩንባውን እየነፋበት ስለነበር እጁን አውለብልቦልኝ ሄደ። ሲመሽ ጉልበቴ አብጦ የጉልበቴ ሎሚ የት እንዳለ አይታወቅም ነበር።

ይህን የምጽፈው ሞሚና ስለጠየቀችኝ ነው። ሞሚና ሰመራ ውስጥ ያከመችኝ ፊዚዮቴራፒስት ናት። ጉልበታቸውን ቀዶ ሕክምና ተደርገው ወደ እሷ ለሚመጡ ሰዎች የሚሆን ነገር እንድጽፍ ስትጠይቀኝ፣ ያማረውን ብቻ እንዳልጽፍ፣ መስከረም ላይ የሆነውንም እንድጨምር አሳሰበችኝ። እሺ ብያታለሁ።

እብጠቱ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ጎደለ። ድኛለሁ ብዬ ክፍል መግባት ጀመርኩ። ነገር ግን ጉልበቴ ሳላስበው ይከዳኝ ነበር። ቀጥ ባለ መንገድ ስሄድ ምንም የለም። ደረጃ ስወርድ ወይም ዞር ስል ግን የላይኛው አጥንት ከታችኛው ላይ የሚንሸራተት ይመስለኛል፤ ከዚያ መሬት ላይ ነኝ። አንድ ቀን ካፌ ውስጥ ምሳዬን ይዤ ተሰልፌ ሳለ በስሜ የጠራኝን ልጅ ለማየት ዞርኩና ከነትሪዬ ወደቅሁ። የሳቁ ነበሩ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። በማግስቱ ለእናቴ ደወልኩ።

አዲስ አበባ ኤም አር አይ ተነሣሁ። ሐኪሙ የኮምፒውተሩን መስታወት በእስክሪብቶ እየነካ አስረዳኝ። የጉልበቴ የፊተኛው መስቀለኛ ጅማት፣ ኤሲኤል የሚሉት፣ ሙሉ በሙሉ ተበጥሷል። በአጥንቶቹ መሐል ያለው ለስላሳ ትራስ፣ ሜኒስከስ የሚባለውም፣ ጫፉ ተቀድዷል። ጅማቱ ራሱን በራሱ አይጠግንም። ከጭኔ የኋላ ጅማት ተወስዶ አዲስ ይሠራልኛል።

ያን ሴሚስተር አቋረጥኩ። ሬጅስትራሩ የአንድ ዓመት ፈቃድ ሰጠኝ። በሚቀጥለው የካቲት ሁለተኛው ሴሚስተር ሲጀመር ካልተመዘገብኩ ቦታዬን አጣለሁ። ዶርሜ ያለው የመጨረሻው ፎቅ ላይ ነው፤ የመማሪያ ክፍሎቹም ፎቅ ላይ ናቸው። ደረጃ የማይወጣ እግር ይዞ እዚያ መኖር አይቻልም። ስለዚህ ከዚያ ወዲህ ያለው ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፤ እስከ የካቲት ይህ እግር ይሸከመኛል ወይ?

ቀዶ ሕክምናው ግንቦት ላይ ተደረገ። ማደንዘዣው ጀርባዬ ላይ ተወጋ። ከወገቤ በታች ሙቀት ወረደ። ከዚያ ምንም። ነርሷ አንድ እግር ወደ ላይ አንሥታ በመድኃኒት ስታጥበው አየሁ። የማን እግር እንደሆነ ለማወቅ ጥቂት ጊዜ ፈጀብኝ። የእኔ ነበር።

ስነቃቃ ሐኪሙ መጥቶ አልጋው ጫፍ ላይ ቆመ።

"አዲሱ ጅማት ገና ሥር አልያዘም" አለኝ። "አሁን ከባድ ነገር ብታነሣበት ይላላል። ምንም ካላነሣህበት ደግሞ ጡንቻህ ይጠፋል። ሁለቱም እንዳይሆን ነው የምትታገለው።"

ያኔ በደንብ አልገባኝም ነበር። አዋሽ ገብቼ ፋሻው ሲፈታ ነው የገባኝ። ግራ ጭኔ ተሟጦ ክንድ አክሎ ነበር። ጭንህን ጭመቅ ተብዬ የተማርኩትን ልሠራ እግሬን ዘርግቼ እቀመጣለሁ፤ ትእዛዙ ከእኔ ይወጣል፣ እዚያ ግን የሚሰማው የለም። ኳድሪሴፕስ የሚባለው የፊት ጡንቻ እንደ ረጠበ ጨርቅ ተኝቷል። በዚህ ላይ ከጠባሳው ወደ ውጭ፣ መዳፍ የምታህል ቦታ ጨርሶ ደንዝዛለች። ቆዳ ሲቀደድ ትንንሽ ነርቮች አብረው ስለሚቆረጡ ይህ የተለመደ ነው ተብሏል። ዝንብ ቢያርፍባት በዓይኔ ካላየሁ አላውቅም።

ስለ ስሜቴም ልናገር፤ ከታመማችሁ እናንተም ላይ ሊደርስ ይችላል። አልተናደድኩም፣ አላለቀስኩም። እናቴ ወዲያ ዞራ ዓይኗን ስትጠርግ አያታለሁ፤ ማጽናናት እንዳለብኝም አውቃለሁ፤ ግን የሚዞረውን ፋን አያለሁ። ጓደኞቼ የፈተና ወሬ ይልኩልኛል፤ አነበዋለሁ፣ አልመልስም። ድንዛዜው ከቆዳዬ አልፎ የገባ ይመስለኛል።

አዋሽ ውስጥ እንዲህ ያለ ሕክምና የሚሰጥ አላገኘንም። ሰመራ አንድ ክሊኒክ ውስጥ ጥሩ ፊዚዮቴራፒስት አለች የሚል ወሬ ያመጣው አባቴ ነው፤ ወገቡን የታመመ ሹፌር ነግሮት ነው። የእናቴ እህት ዘነበች ሰመራ አጠገብ ሎጊያ ስለምታስተምር ማረፊያ አለኝ። ሐምሌ መጀመሪያ ላይ አባቴ ወሰደኝ። ጋቢናው ውስጥ ለመግባት ግራ እግር ነው መርገጫው ላይ የሚቀድመው። የእኔ ግራ እግር ያን ማድረግ አልቻለም። አባቴ ክራንቾቼን ወደ ውስጥ ወረወረና ከታች በትከሻው ደግፎ ገፍቶ አስገባኝ።

"ማዳበሪያ ሃምሳ ኪሎ ነው" አለ እያለከለከ። "አንተ ግን ሳትጫን ትከብዳለህ።"

ሌላ ጊዜ ቢሆን እመልስለት ነበር።

ሞሚና አጠር ያለች፣ ፈጣን፣ ቀልድ የምትወድ የአፋር ሴት ናት። መጀመሪያ ሁለቱን ጭኖቼን በሜትር ለካች። ከዚያ ግራ እግሬን ቀጥ አድርጌ ጭኔን እንድጨምቅ አዘዘችኝ። ሞከርኩ። እሷም ጭኔን አየች፣ እኔም አየሁ።

"አንተ ፍሬሽማን፣ ጡንቻህ አልሞተም፤ አኩርፏል" አለችኝ። "እናስታርቃችኋለን፣ ኢንሻአላህ።"

ከዚያ ከመሳቢያዋ ሰፊ ቀበቶ አወጣች። ክንድ ላይ ታስሮ የደም ግፊት የሚለካበት ዓይነት ነው፤ ካፍ ይባላል፤ ይኸኛው ግን ለጭን የተሠራና ሰፋ ያለ ነው። በእጅ የሚጨመቅ መንፊያና ክብ መለኪያ አለው። ነገሩን እንዲህ አስረዳችን፤ ቀበቶው ጭን ላይ ከፍ ብሎ ይታሰራል፤ ሲነፋ ወደ እግር የሚገባው ደም ይቀንሳል፣ የሚመለሰው ደግሞ ለጥቂት ጊዜ ይታገዳል። ጡንቻው ኦክስጅን ያጥረዋል። ስለዚህ ቀላል ክብደት እያነሣ ከባድ ያነሣ ይመስለዋል፤ አዲሱ ጅማት ሳይጎተት ጡንቻው ይሠራል። ሐኪሜ የነገረኝ የሁለት ወገን ችግር መውጫ ይህ ነበር።

ከመጀመሯ በፊት ብዙ ጠየቀችኝ። ደም ረግቶብህ ያውቃል? ከቤተሰብህስ? የደም ግፊት፣ ስኳር፣ የልብ ሕመም አለ? ለሐኪሜም ደውላ ፈቃዱን ጠየቀች። ከዚያ ዶፕለር የሚባል ትንሽ ማዳመጫ ቁርጭምጭሚቴ ላይ አደረገች። የደሜ ድምፅ ክፍሉን ሞላው፤ ሹሽ፣ ሹሽ ይላል። ቀበቶውን ቀስ እያለች ነፋችው። ድምፁ ሳሳ። ጠፋ። መለኪያውን አየችና ከዚያ ልክ ብዙ ዝቅ እስኪል አስተነፈሰችው። ድምፁ ተመለሰ።

አባቴ ጥግ ላይ ቆሞ ሁሉንም ያያል። "እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ጎማ ስነፋ ኖሬአለሁ" አለ። "እግር ሲነፋ ያየሁት ዛሬ ነው።"

"ጋሼ፣ ይኸኛው መለዋወጫ የለውም" አለችው ሞሚና።

እንቅስቃሴው ቀላል ነው። ወንበር ላይ ተቀምጦ እግርን መዘርጋት፤ በኋላ ደግሞ ግድግዳ ተደግፎ በጥቂቱ በርከክ ማለት። መጀመሪያ ሠላሳ፣ ከዚያ በአጫጭር እረፍት አሥራ አምስት አሥራ አምስት እየተባለ ይደጋገማል። የመጀመሪያዎቹ ምንም አይደሉም። ወደ መጨረሻው ጭን ውስጥ እሳት ይነሣል። ሰመራ በሐምሌ ምን እንደሚመስል የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ መብራት ሲጠፋ ፋኑ ይቆማል፣ ላቡ ከአገጬ ይንጠባጠባል፣ ሞሚና ደግሞ የእግሬን ጣቶች እየጫነች ነጭ ሆነው ምን ያህል ቶሎ እንደሚቀሉ ታያለች። ያ ማቃጠል ከግንቦት ወዲህ ከዚያ እግር የመጣልኝ የመጀመሪያው ዜና ነበር። ነሐሴ ሲያልቅ ጭኔ ሲጨመቅ በዓይን የሚታይ ነገር ከቆዳው ሥር መነሣት ጀመረ። አንዱን ክራንች ጣልኩ።

መስከረም ላይ ሞሚና የዓመት ፈቃዷን ወስዳ ዓሳይታ ቤተሰቦቿ ጋ ሄደች። እኔም ለበዓሉ አዋሽ ተመለስኩ። ስትሸኘኝ ያለ ቀበቶ የምሠራቸውን እንቅስቃሴዎች አሳየችኝ። እነዚህን ብቻ ሥራ፣ ሌላ ነገር አትጨምር አለችኝ።

እኔ ግን የተገኘው ጡንቻ እንዳይሄድብኝ ፈራሁ። ቀኑ ወደ የካቲት ይሮጣል። በስልኬም ሰዎች በተራ ላስቲክ ጭናቸውን አስረው ሲሠሩ አየሁ። ይህን ለአባቴ አሳየሁት። አባቴ ያን ሰሞን ጭነት እየጠበቀ ቤት ነበር። ሲያየው ፊቱ በራ። ለወራት ከታች ሲገፋኝና ክራንች ሲያቀብለኝ ከርሞ፣ በእጁ የሚያውቀው ሥራ እንደ መጣለት ነው ያየው።

"ያቺ ልጅ የምታስርልህ ከዚህ በምን ይለያል?" አለኝ።

"የሷ መለኪያ አለው።"

"እኔም መለኪያ አለኝ።"

ከአሮጌ ጎማ የውስጥ ላስቲክ ሦስት ጣት የሚሆን ጠፍር ቀደደ። አባቴና ጓደኞቹ ጭነት ላይ ሸራ የሚያስሩት በዚህ ነው። ይስቡታል፣ ይቋጥሩታል፣ ከዚያ በጣታቸው ይመቱታል። ድም ካለ ገና ነው። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ጠብቋል፤ እስከ አዲስ አበባ ንፋስ አይፈታውም። አባቴ በዚህ ጆሮው ሲሠራ ኖሮ አንድም ቀን ሸራ አልተገለጠበትም።

የተሳቢው ጥላ ሥር ተቀመጥኩ። ላስቲኩን ጭኔ ላይ አዞረው። ሳበው። መታው። ድም አለ።

"ጠበቀብህ?"

"ምንም አይሰማኝም።"

እንደገና ሳበው። መታው። ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠ።

"አሁንስ?"

"አይሰማኝም" አልኩ። ደስ ብሎኝ ነበር ያልኩት። ሁለታችንም አይሰማኝም ማለት አልጎዳኝም ማለት መሰለን።

እግሬን መዘርጋት ጀመርኩ። መሐል ላይ ስልኩ ጠራ፤ የጭነት ጉዳይ ነበር። አባቴ እያወራ ወደ በሩ ሄደ። ሞሚና ክሊኒክ ውስጥ እንደምታሠራኝ በየመሐሉ እያረፍኩ ቀጠልኩ። ላስቲኩ እንደታሰረ ነው። ቋጠሮው የአባቴ ቋጠሮ ስለሆነ እኔ ልፈታው አልችልም። ጭኔ ማቃጠሉን አቆመ። ጠነከርኩ ብዬ አሰብኩ።

አባቴ ተመልሶ እግሬን አየ። ወሬውን አቆመ።

እግሬ ሰም መስሏል። ላስቲኩን ለመፍታት ጊዜ አላባከነም፤ በቢላ ቆረጠው። ደሙ ሲመለስ እስከ ባቴ ድረስ መርፌ በመርፌ ሆነ። ከባቴ በታች ምንም የለም። ደግፎ አቆመኝ። አንድ እርምጃ ሄድኩ። የእግሬ መዳፍ መሬቱን በጥፊ መታው።

"እግርህን አንሣ" አለኝ።

"እያነሣሁ ነው።"

ሁለታችንም ወደ ታች አየን። ጣቶቹ መሬት ላይ ነበሩ።

ጤና ጣቢያው ወደ አዳማ ላከን። አዳማ በአልትራሳውንድ የእግሬን ደም ሥሮች ከላይ እስከ ታች አዩ። የረጋ ደም የለም። ሐኪሙ ጠባብ ነገር ጭን ላይ ጠብቆ ሲቆይ ነርቭ እንደሚጨፈልቅ ነገረን። ፉት ድሮፕ ይባላል፤ እግር ከቁርጭምጭሚት ወደ ላይ አልታጠፍ ሲል ማለት ነው።

"ነርቩ ተጨፍልቋል እንጂ አልተቆረጠም" አለ። "ይመለሳል ብዬ እገምታለሁ። መቼ እንደሆነ ልነግርህ ግን አልችልም።"

የምፈልገው መቼ የሚለውን ነበር።

ቤት ስንደርስ እናቴ አንዳችንንም ሳትወቅስ ምግብ አቀረበች፤ አባቴ አልበላም። በማግስቱ ጭነቱን ሊያነሣ ሲሄድ ሸራውን በገመድ አሰረው። የላስቲክ ጠፍሮቹን ሁሉ አጥሩ ሥር ጥሏቸው ነበር። ለብዙ ቀን አልደወለም። እኔም አልደወልኩም። መናደድ እንዳለብኝ አስቤ ንዴቱን ብፈልገው አጣሁት።

ሞሚና ስትመለስ ሰመራ ነበርኩ። ጉልበቴን የሚይዝ ብሬስ ነበረኝ፤ አሁን ደግሞ እግሬ እንዳይወድቅ ከባቴ የሚነሣ ፕላስቲክ ጫማዬ ውስጥ ገብቷል። የሆነውን ነገርኳት። አልጮኸችብኝም። ጥጥና መርፌ አመጣችና ዓይኔን አስጨፍና እግሬን ከላይ ወደ ታች ነካች። ስሜቱ ያቆመበት ላይ በእስክሪብቶ መስመር አሰመረች።

"በረከት፣ እዚህ ሰው 'ያመኛል' ብሎ ሲጮህ አልደነግጥም" አለች። "የሚያስደነግጠኝ 'አይሰማኝም' የሚለኝ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ያን ቃል ስትለኝ ደስ እንዳይልህ።"

ቀበቶው መሳቢያ ውስጥ ገባ። ሥራችን ተራ ነገር ሆነ። በኤሌክትሪክ ማነቃቂያ ጡንቻውን መቀስቀስ፣ ቁርጭምጭሚቱን በእጅ ማጠፍ፣ አስቦ መሞከር። በየጊዜው ያን መስመር እንደ አዲስ ታሰምራለች። መጀመሪያ አልተነቃነቀም። ጥቅምት ውስጥ አንድ ጣት ያህል ወደ ታች ወረደ። ከዚያ ደግሞ ወረደ።

አባቴ በጥቅምት መጨረሻ መጣ። ክሊኒኩ በር ላይ ፀሐይ ውስጥ ቆሞ ነበር። ሞሚና በመጋረጃው አየችው።

"ጋሼ፣ ይግቡ እንጂ። ከውጭ ሆነው ልጅዎን ምን ሊረዱት?"

"እዚህ ይሻለኛል" አለ።

"ይግቡና ክንድዎን ይስጡኝ።"

ገባ። አስቀመጠችውና ቀበቶውን ክንዱ ላይ አሰረችው። ማዳመጫውን አንጓው ላይ አደረገች። የአባቴ ደም ድምፅ ተሰማ፤ ከእኔ ይልቅ ዝግ ያለ ነው። ድምፁ እስኪጠፋ ነፋችው።

"አሁን ደምዎ ቆሟል። በጣትዎ ይምቱት።"

መታው። ከዚያ ድምፁ እስኪመለስ ቀነሰችው።

"አሁን እየሄደ ነው። እንደገና ይምቱት። ልዩነቱን ለዩት?"

አባቴ ጆሮውን ወደ ክንዱ ዝቅ አደረገ። መታው። እንደገና መታው።

"አይለይም" አለ።

"እኔም በጣቴ አልለየውም። ማንም አይለየውም። ለዚህ ነው መለኪያው የተሠራው።" ክቡን መለኪያ መዳፉ ውስጥ አስቀመጠችለት። "ሐኪሙ ሲፈቅድልን በሰመራ በኩል ባለፉ ቁጥር ይህን የሚይዙት እርስዎ ነዎት።"

አባቴ መለኪያውን አገላብጦ አየው። "ከጎማው ያነሰ ቁጥር ነው" አለ። ከዚያ እኔን አየኝ፤ ከመስከረም ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጥ ብሎ አየኝ። "አይሰማኝም ስትለኝ ማመን አልነበረብኝም" አለ። እኔም ያኔ የነገርኩህ እውነቱን ነበር አልኩት።

ኅዳር ላይ እግሬ ከመሬት መነሣት ጀመረ፤ መጀመሪያ አውራ ጣቱ ብቻ፣ ቀጥሎ ሁሉም፣ በመጨረሻም ፕላስቲኩን ከጫማዬ አውጥቼ ሎጊያ አክስቴ በር ላይ እስካለው የባጃጅ መቆሚያ ድረስ ሳልደናቀፍ የሄድኩበት ቀን መጣ። የአዲስ አበባው ሐኪም ነርቩንም ጅማቱንም ፈትሾ ቀበቶውን በዝቅተኛ ግፊት እንደገና እንድንጀምር ፈቀደ። ሞሚና ከድሮው በበለጠ ጥንቃቄ፣ በየእረፍቱ እያስተነፈሰችና ጣቶቼን እያየች ሠራችኝ፤ አባቴ በሚያልፍባቸው ቀናት ደግሞ መኪናውን ዳር አስይዞ እየመጣ ወንበር ስቦ አጠገቤ ይቀመጥና ዓይኑን ከመለኪያው ላይ ሳይነቅል ቁጥሩን ጮክ ብሎ ያነባል። አንድ ቀን ሞሚና ሥራውን ስትጨርስ መለኪያው ዝቅ ዝቅ እያለ ሲሄድ፣ "ኧረ ሴትዮ፣ በዚህ ንፋስ ገላፊ አንደርስም" አላት። ሳቅሁ። ሳቁ ከየት እንደመጣ ባላውቅም የራሴ ሳቅ እንደሆነ አወቅሁት። አባቴም ቁጥሩን ማንበብ ረስቶ እኔን ሲያይ፣ ሞሚና "ጋሼ፣ ዓይንዎ መለኪያው ላይ" ብላ ገሠጸችው።

ታኅሣሥና ጥር እንደዚያ አለፉ። ጭኔ ሞላ፤ የቀኙን ያህል ባይሆንም ሱሪዬ ውስጥ መታየት ጀመረ። ከቀበቶው ወደ ደረጃ መውጣት፣ ከደረጃ በአንድ እግር ቆሞ በርከክ ወደ ማለት፣ ከዚያም ክብደት እየጨመሩ ያለ ቀበቶ ወደ መሥራት አለፍን፤ ሞሚና ቀበቶው እስከ ትክክለኛው ክብደት የሚያደርሰኝ ድልድይ እንጂ መኖሪያ እንዳልሆነ ደጋግማ ትነግረኝ ነበር።

አሁን ምክሬን ልጻፍ። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ገና ዲፓርትመንት ያልመረጥኩ ተማሪ ነኝ። የምላችሁ የደረሰብኝን ብቻ ነው። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ጭናችሁ ሲከሳ አትደንግጡ፣ ግን ዝም ብላችሁ አትጠብቁ፤ ፊዚዮቴራፒስት ፈልጉ። ደም ገድቦ የሚሠራ እንቅስቃሴ ካዘዙላችሁ ሰፊ ቀበቶ፣ መለኪያና የሚያውቅ ሰው መኖሩን አረጋግጡ። ደም ረግቶባችሁ የሚያውቅ ከሆነ ሳትጠየቁም ተናገሩ። ገመድ፣ ላስቲክ፣ ሻሽ፣ ቀበቶ በቤት ውስጥ ጭናችሁ ላይ አትሰሩ፤ የሚወዳችሁ ሰው ቢያስርላችሁም። ማቃጠል ይጠበቃል። መደንዘዝ፣ መንጣት፣ ባት ላይ ማበጥና መሞቅ ግን አይጠበቅም፤ ወዲያው ፍቱና ወደ ሕክምና ሂዱ። የደነዘዘው ልባችሁ ከሆነም ለአንድ ሰው ንገሩ። እኔ ለሞሚና የነገርኳት በጣም ዘግይቼ ነው፤ እሷ ግን ያንንም እንደ አንድ የሕመሜ ክፍል ቆጥራ አዳመጠችኝ።

ሐኪሜን አመሰግናለሁ። ለወራት አልጋዋን የለቀቀችልኝን አክስቴን፣ ምግቡን አቅርባ ጥያቄውን ያስቀረችልኝን እናቴን አመሰግናለሁ። ሞሚናን ማመስገን ስጀምር "አልሐምዱሊላህ በልና ደረጃውን ውጣ" ስለምትለኝ እዚህ ላይ፣ ልታቋርጠኝ በማትችልበት ቦታ፣ አመሰግናታለሁ።

በየካቲት የምዝገባው ጠዋት አባቴ ወደ ጅቡቲ ሲወርድ ሎጊያ መጥቶ ወሰደኝ። የጋቢናውን በር ከፍቶልኝ ከኋላዬ ቆመ። እጆቹን ዘርግቷል፤ አልነካኝም። እጀታውን ያዝኩ። ግራ እግሬን መርገጫው ላይ አሳረፍኩ። ጭኔ ተጨመቀ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ያዘ። ገባሁ።

ከጠባሳው ጎን ያለችው መዳፍ የምታህል ቦታ እስከ ዛሬ ደንዝዛለች። አትመለስም ይሆናል ተብያለሁ። መንገድ ላይ በመስኮት የገባው ፀሐይ ጉልበቴ ላይ ሲያርፍ፣ ሙቀቱ ዙሪያዋን ሁሉ ይሰማኝ ነበር፤ እሷ ላይ ብቻ አይሰማኝም። እጄን አደረግሁባት።

የዩኒቨርሲቲው መታጠፊያ ላይ አባቴ አቆመ። ጓደኞቼ በሩ ላይ ነበሩ፤ በስሜ ጠሩኝ። ቦርሳዬን መጀመሪያ አወረድኩ። ከዚያ ፊቴን ወደ መኪናው አዞርኩ፣ እጀታውን ያዝኩ፣ መርገጫውን በእግሬ ፈለግሁና ወረድኩ። ከኋላ ያለው መኪና ጥሩንባውን ይነፋ ነበር። አባቴ መሬት እስክረግጥ ድረስ አልተነቃነቀም።